ገብስ ጠባቂው መንኮራኩር

ባለቤቴ ዘመቻ ከመሄዱ በፊት ከቤታችን በላይ ካለችው የገብስ ማሳ ራስ ላይ የነፋስ መንኮራኩር ተከለ። ክንፎቹ አራት የጥድ ሳንቃዎች ነበሩ። እንጦጦ ነፋስ አያጣም፤ ክንፎቹ ሲዞሩ ከዘንጉ ጫፍ የታሰሩት ሁለት በትሮች የደረቀ የበሬ ቆዳ ይመታሉ። ያን ድምፅ የሰማ ዝንጀሮ ከገደሉ ወዲህ አይሻገርም።

«በየሦስት ቀኑ ሞራ ቀቢው፤ ሌላው አያስቸግርሽም» ብሎኝ ሄደ።

እኔ በየቀኑ ቀባሁት። ጠዋት ጠዋት ማሰሪያውን ሁሉ በጣቴ እዳስሳለሁ፤ ድምፁ ዝግ ያለ እንደሆነ ሮጬ እወጣለሁ። በዚያ ዓመት በሬዎቻችን በበሽታ አልቀው ማሳዋን በዶማ ቆፍሬ ነው የዘራኋት። ለሁለቱ ልጆቼ ከእርሷ ሌላ እህል አልነበረኝም።

ለአጨዳ ሳምንት ሲቀረው ክንፎቹን ከዘንጉ ጋር የያዘው የብረት ችንካር ተሰበረ። ክንፎቹ ብቻቸውን ይሽከረከራሉ፤ በትሮቹ ዝም አሉ።

ቀጥቃጩ ከታች ቀበና ወንዝ ዳር እንደሚኖር አውቃለሁ። ግን ታናሿ ልጄ ገና ጥርስ አላበቀለችም፤ የቀጥቃጭ ዓይን ሕፃን ይበላል ሲባል ሰምቼ ነው ያደግሁት። ስለዚህ ራሴ ልጠግነው ተነሣሁ። ከወይራ ችንካር ጠረብሁ፤ ግማሽ ቀን ሠርቶ ተቀጨ። ሁለተኛውን አወፈርሁት፤ ለእርሱ ብዬ ቀዳዳውን ሳሰፋ ዘንጉ ተሰነጠቀ። በእርጥብ ጠፍር አስሬው እስኪደርቅ ጠበቅሁ። ዝንጀሮዎቹ አልጠበቁም።

ሕፃኗን አዝዬ ድንጋይ እየወረወርሁ ወደ ላይ ስሮጥ በታች ይገባሉ፤ ወደ ታች ስወርድ በላይ። ትልቋ ልጄ ቅል እየደበደበች ትጮኻለች። አውራው ዝንጀሮ ተቀምጦ እያየን የገብሱን ዛላ ያሻል።

በሦስተኛው ቀን ልጆቹን ቤት ትቼ፣ የችንካሩን ስባሪ ይዤ ቀበና ወረድሁ። ቀጥቃጩ ሽማግሌ ነበር፤ አዲስ ችንካር ሠርቶ ተከትሎኝ መጣ። ቤት እንደደረስን ሕፃኗን ታቅፌ በነጠላ ሸፍኜ ፊቴን አዞርሁበት።

«መቼ ተሰበረ?» አለኝ ወደ መንኮራኩሩ ወጥተን ዘንጉን እየዳሰሰ።

«ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው፣ አባቴ።»

ማሳውን አየ፤ ነጠላዬን አየ።

«እኔን ፈርተሽ ገብሱን ለዝንጀሮ አበላሽው? በይ ግለጪያት፣ ልጄ፤ ትታፈንብሻለች።»

አፈርሁ፤ ግን አልገለጥኋትም።

ዘንጉን በብረት ቀለበት አጥብቆ ችንካሩን መታው። ክንፎቹ ገና አንድ ዙር ሳይዞሩ ቆዳው ጮኸ፤ ዝንጀሮዎቹ ወደ ገደሉ ሸሹ። ከማሳው የተረፈው ከቤቱ አጠገብ ያለው ጥግ ብቻ ነበር። ዳግመኛ እንዳይሰበር ፈርቼ እርሱንም ሳይደርቅ በማግሥቱ አጨድሁት።

ትልቋ ልጄ ያጨድሁትን የከተትሁበትን እንቅብ አየችው። «እማዬ፣ ይኸ እስከ መቼ ያደርሰናል?»

ለጥምቀት እንኳ እንደማያደርሰን ዓይኔ አይቶታል። «ሂጂ፣ እኅትሽን አባብያት» ብዬ ላክኋትና የወደቀውን ዛላ መልቀም ቀጠልሁ።