ያላነበብኩት ሰዓት

ይህን ነገር ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ሰክሬ እንኳ አምልጦኝ አያውቅም፤ እኔ ደግሞ ስሰክር የማልለፈልፈው የለም። ዛሬ ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው። ብታውቁኝ ደግ ሰው እመስላችኋለሁ፤ ሞላሌ ላይ መምህር እባላለሁ፣ ሰው ቆሞ ያሳልፈኛል። እኔ ግን አንዲት ልጅ ባልሠራችው ጥፋት ስትወነጀል አጠገቧ ተቀምጬ ዝም ያልኩ ሰው ነኝ። ዝም ብል እንኳ ደግ ነበር።

ጓሳን የማያውቅ ካለ ልንገረው። የመንዝ ሰው በጋራ የሚጠብቀው ደጋ ነው። ሣሩ ለዓመታት ተከልክሎ ይቆይና ሽማግሌዎች ሲፈቅዱ ይታጨዳል፤ ቤታችን የሚከደነው በሱ ነው። የትኛው ደብር ከየት እስከ የት እንደሚያጭድ የሚታወቀው በአፍ ነበር፤ ከዚህ ቋጥኝ እስከዚያ ምንጭ፣ ከምንጩ እስከ ጅብራው ዛፍ እየተባለ። እኔ ሞላሌ ውስጥ በአንድ ትንሽ ቢሮ ይህን ወሰን በካርታ የሚይዝ ፕሮግራም እሠራ ነበር። የምንሠራው ጊት በሚባል ሶፍትዌር ነው። ብዙ ሰው አንድ ሥራ ላይ ሲረባረብ፣ ጊት እያንዳንዱን ለውጥ ማን እንዳደረገውና መቼ እንዳደረገው ይዞ ያስቀምጣል።

ረዳቴ ወይንሸት ትባላለች፤ የዘመሮ ከተማ ልጅ ናት፣ ኮሌጅ ጨርሳ የመጣች። ጊትን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ጀማሪ የሚሳሳተውን ሁሉ ተሳስታለች። የሠራችውን ሳታስገባ ትዘጋለች፣ ያልተፈለገ ፋይል ትልካለች፣ ቀይ ጽሑፍ ካየች ከወንበሯ ትነሣለች። "እባብ አየሽ እንዴ?" እያልኩ እስቅባት ነበር። ቆይታ ግን ከኔ የበለጠ ጠንቃቃ ወጣት።

ወሰኑን በእግራቸው የሚያውቁ አባባ ደምሴ የሚባሉ ሽማግሌ ብቻ ቀርተው ነበር። ወይንሸት ከበቅሏቸው ጎን እየሄደች፣ እያሳሉ የነገሯትን በስልኳ ቀዳች፤ ከዚያ ካርታው ላይ አስገባችው። ስልኳ ሲሞላ "አጥፊው፣ ጊት አይረሳም" ያልኳት እኔ ነኝ። አመነችኝ፤ አጠፋችው። ብዙም ሳይቆይ አባባ ደምሴ አረፉ።

በዚያው ሰሞን ሥራውን የሚጎበኙ እንግዶች ከአዲስ አበባ መጡ። ለነሱ የማሳየውን የራሴን አሮጌ ቅጂ ይዤ፣ ወይንሸት የምትሠራበት የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ተቀመጥኩ። ስሟም የይለፍ ቃሏም እዚያው ተሞልቷል። ልልክ ስል የሁላችንም ሥራ የሚጠራቀምበት ዋናው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ እምቢ አለኝ፤ አንተ ያልያዝከው አዲስ ሥራ እዚህ አለ፣ መጀመሪያ እሱን አምጣ አለኝ። ይህ ጀማሪን ሁሉ የሚያጋጥም ችግር ነው። መፍትሔውን ለተማሪዎቼ ስደጋግመው ኖሬያለሁ፤ እምቢ ሲላችሁ አታስገድዱት፣ ያለውን አምጡና ከናንተ ጋር አዋህዱ፣ የተጋጨውን አንድ በአንድ አስታርቁ። እኔም ሞከርኩ። ግጭቱ ማለቂያ አጣ። እንግዶቹ ደርሰናል ብለው ደወሉ።

አስገደድኩት። ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ወደ አሮጌው መለስኩ፣ ሰርቨሩ ላይ ያለውንም በግድ ሻርኩ፣ "ተስተካክሏል" የሚል ማስታወሻ ጻፍኩበት። ማሽኑ የተቀመጠበትን ሰው ፊት አያይም፤ ያገኘውን ስም መዘገበ። ወይንሸት ብሎ።

እመልሰዋለሁ ብዬ ነበር፤ መመለሱ ለኔ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ከመመለሴ በፊት ግን ወይንሸት ካርታውን ከፍታ የአባባ ደምሴን ወሰን ስታጣው ጮኸች። ጎረቤት ገባ፣ ወሬው ወጣ። ያኔ "እኔ ነኝ" ማለት ምን ይከብድ ነበር? ከበደኝ። መምህር የሚባል ሰው የጀማሪ ስሕተት ሲሠራ ከሚታይ፣ ነገሩ እስኪበርድ ልጠብቅ አልኩ። ነገሩ አልበረደም። የአጨዳው ጊዜ ደርሶ ነበርና ሁለት ደብሮች በአንድ ተረተር ሣር ተካሰሱ። የወይንሸት እናት ከአንደኛው ደብር ናቸው። "ለእናቷ ወገን አድልታ የአባባ ደምሴን ቃል አጠፋች" ተባለ።

ሰው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ተሰበሰበ። ቄሱ መስቀላቸውን አውጥተው ገዘቱ።

"ያጠፋ፣ ሲያጠፋ ያየ፣ አውቆም የሸሸገ፣ በዚህ መስቀል የተገዘተ ይሁን!"

"ይሁን!" አለ ሕዝቡ።

እኔም አልኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ አልኩ። በገዛ ራሴ ላይ "ይሁን" ስል ምላሴ እንዴት አልታሰረም?

ወይንሸት ተነሥታ መስቀሉን ጨብጣ "አልነካሁም" ብላ ማለች። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ወደኔ ዞሩ።

"መምህር፣ ይህ መሣሪያ የነካውን ሰው ይናገራል ሲሉ ሰምተናል። እስቲ ያንብቡልን።"

ላፕቶፑን ከፈትኩ። መዝገቡን ተረጋግቼ ፈለግሁ፤ ይህን ነው ዛሬም የምጸየፈው። "ወይንሸት ይላል" አልኩ። እናቷ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰሩ። ሕዝቡን የሣሩ ነገር ሳይሆን የመስቀሉ ነገር አስፈራው። በሐሰት የማለች ሴት በመካከሉ ቆማለች።

ከስሙ ቀጥሎ ሰዓት ተጽፎ ነበር። ሰዓቱን አላነበብኩም። ማንም አልጠየቀኝም፤ ሰዓት እንደሚጻፍስ ማን ያውቃል? አሁን ላንብበው። አባባ ደምሴ የሚቀበሩበት ሰዓት ነበር። ወይንሸት መቃብሩ ዳር ቆማ ስታለቅስ እዚያ ከተሰበሰበው ሰው ያላያት አልነበረም። ቀብሩን የቀረሁት እኔ ነኝ፣ እንግዳ አለብኝ ብዬ። አንድ መስመር ባነብ ኖሮ ያ ሁሉ ሰው ምስክሯ ይሆን ነበር።

ለልጃቸው ሊያጯት ሽማግሌ የላኩት ቤተሰቦች ሐሳባቸውን ለወጡ። ሰው ሰላምታዋን ይቀበላል፤ እጇን ግን አይጨብጥም። አንድ ቀን ቢሮ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

"መምህር፣ ሳላውቅ ነክቼው ይሆን እንዴ? አንዷን ቁልፍ ተሳስቼ?"

"ይሆናል" አልኳት። "ጀማሪ ላይ ይደርሳል።"

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይላሉ። እኔ ግን እከኩን ብቻ አይደለም የለከክሁባት፤ ጥፋተኛ መሆኗን ራሷን አሳመንኳት። እስከዚያ ቀን ድረስ ቢያንስ እውነት መማሏን ታውቅ ነበር። እሱን ወሰድኩባት።

ደግሞ የባሰ አለ። ጊት የተሻረውን ሥራ ወዲያው አይጥለውም፤ ለጥቂት ሳምንታት ከጀርባ ይዞት ይቆያል፣ ከዚያ ቆሻሻ ሲጠርግ አብሮ ይጠርገዋል። ያንን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። የአባባ ደምሴ ቃል፣ የወይንሸትም ስም፣ በአንድ ትእዛዝ ይመለሱ ነበር። በየጧቱ ያ ኮምፒውተር ፊት እቀመጣለሁ፤ እነሣለሁ። ብመልሰው እንዴት አገኘኸው፣ ማን ሻረው፣ መቼ ይባላል። ታዲያ ምን አደረግሁ? ቀኑ እስኪያልፍ ጠበቅሁ። አንድ ጧት ብፈልገው የለም፤ ተጠርጓል። ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? እፎይ አልኩ። እፎይ!

ስሕተት ሠራሁ ማለት አልችልም። ስሕተቱ የደቂቃ ነበር፤ የቀረውን አስቤበት፣ እህል እየበላሁ፣ እየተኛሁ ሠራሁት።

ወይንሸት ኮምፒውተር መንካት ትታለች። ሞላሌ ገበያ ባና፣ የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ትሸጣለች። በቅርቡ ልሸሻት ስል አየችኝና ሮጣ መጣች፤ ፊቷ በርቷል።

"መምህር፣ ቀለለኝ እኮ! ለነፍስ አባቴ ተናዘዝሁ። ሳላውቅ አጥፍቼ በመስቀል ምያለሁ አልኳቸው። ጾምና ስግደት ሰጡኝ፤ ፈጽሜ ግዝቱን ፈቱልኝ።"

ጉልበቷን አየሁት። የኔን ስግደት የሰገደ ጉልበት ነው።

"እርስዎንም በሰው ፊት ምስክር አድርጌ አስጨነቅሁዎት" አለችኝ፣ ጎንበስ ብላ። "ይቅር ይበሉኝ።"

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ እኔ ያኔ የመለስኩላትን ቃል ለኔ አትመልሱልኝ፤ አይገባኝም። "እግዜር ይቅር ይበልሽ" አልኳት።