የወለተሃና ተዝካር የእጅ ውሃ

ሠርካዲስ የልደታ ቦኖ ጠባቂ ነበረች። ቦኖው የነበረበት ቦታ ዛሬ ፎቅ በቅሎበታል። ያኔ ግን ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ጎህ ሲቀድ ከፍታ፣ የሰፈሩን እንስራና ጀሪካን ስትሞላ ትውል ነበር። ዘመኑ ሰባ ሰባት ነው፤ ሰሜኑ በድርቅ አልቆ፣ ቀበሌው ለተራበ ወገን ከየቤቱ እህል የሚሰበስብበት። የቦኖው ውሃም ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይቀራል።

የሠላሳ ዓመት ጎረቤቷ ወለተሃና ልትሞት ሰሞን እጇን ይዛ፣ «የተዝካሬን ውሃ አንቺ ቅጂልኝ፣ ሌላ ሰው እንዳይቀዳው» አለቻት። ሠርካዲስም «እሺ» ብላ ማለች።

አርባው ሲደርስ፣ ቁልፉ በእጇ ሳለ ተራ ሳትነጥቅ፣ ሰው ቀድቶ ካበቃ በኋላ በሚንጠባጠበው ሁለት እንስራ ሞላች። ተመላልሳ ተሸክማ ድንኳኑ በር ብትደርስ ሠላሳ ሳጥን አምቦ ውሃ ተደርድሯል። የወለተሃና ልጅ ሸዋንግዛው፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሹም የሆነው፣ በሩ ላይ ቆሟል።

«እትዬ ሠርካዲስ፣ በከንቱ ደከሙ። ዛሬ የሚጠጣውም የሚታጠበውም አምቦ ነው።»

«እጅም በአምቦ?»

«አለቆቼ ይመጣሉ።»

«አለቆችህ እጃቸው ምን ነክቶ ነው ልጄ፣ የቦኖ ውሃ የማያስለቅቀው?»

ሽንኩርት የሚልጡት ሴቶች በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ሸዋንግዛው ግንባሩን ቋጠረ።

«ወደ ጓሮ ይውሰዱት፣ ለሳህን ይሆናል።»

ሠርካዲስ ግን ጓሮ አልሄደችም። እንስራዎቹን ከድንኳኑ ምሰሶ ሥር አስቀመጠች። ከቤቷ ኩስኩስትና ሳፋ አምጥታ፣ ነጠላዋን አደግድጋ ቆመች።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንግዳው ድንኳኑን ሞላ። ሸዋንግዛው ራሱ ጠርሙስ ከፍቶ የእድሩን ዳኛ ጋሽ ሞቱማን ሊያስታጥብ ጎንበስ አለ። ውሃው ገና ከሥር በተቀመጠ ሳፋ ውስጥ ጠብ ሲል አረፋ አወጣ። ጋሽ ሞቱማ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ይሄን እኛ ለታመመ ሰው ነው የምንገዛው። በዚህ ዓመት እጄን አልታጠብበትም።»

«ወጡ ይቀዘቅዛል፣ ጋሼ።»

«ይቀዝቅዝ። ሳልታጠብም አልበላም።»

ከጎናቸው ያሉትም እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ አስገቡ። ሸዋንግዛው ሠርካዲስ በልጅነቱ በጀርባዋ ያዘለችው ልጅ ነው፤ በሰው ፊት ልታሳፍረው አልፈለገችም። ቃል ግን ቃል ነው። ኩስኩስቷን ሞልታ፣ ሳፋዋን ይዛ በእንግዳው መሃል አልፋ ሄደች።

«ሸዋንግዛው፣ እናትህ በአፏ ለምናኛለች። ከፈለግህ ሳፋውን ያዝልኝ። ካልፈለግህ ሁለቱንም እይዛለሁ።»

ዞር ብሎ አለቆቹን አየ። አንደኛው ቀድሞ እጅጌውን ሰብስቧል። ሸዋንግዛው ጠርሙሱን መሬት ላይ አኖረና ሳፋውን ያዘ።

እሷ እያፈሰሰች፣ እሱ ጎንበስ ብሎ እየተቀበለ፣ ድንኳኑን ዞሩ። በር ላይ ከተቀመጡት ነዳያን ዘንድ ሲደርሱ ሁለተኛው እንስራ ተሟጦ ነበር። ሠርካዲስ በኩስኩስቷ የቀረውን ውሃ ክር አሳክላ አንቆረቆረችው፤ ለሁሉም ደረሰ።