ከሰላምታ በፊት ሰማይ

ባለፈው ሳምንት እዚህ ጅማ መኪናዬ አልነሳ ብላ ጋራዥ ቆሜ ሳለ፣ መካኒኩ የባትሪውን ክዳኖች አንድ በአንድ ሲፈታ ያ ኮምጣጣ የአሲድ ሽታ ፊቴ ላይ መጣ። ልጁ «እትዬ፣ ራቅ በሉ፣ ልብስ ይበላል» አለኝ፤ እኔ ግን ጭራሽ ጠጋ አልኩ። ለእሱ የደከመ ባትሪ ሽታ ነው፤ ለእኔ ሚዛን ተፈሪ ነው፣ የአባቴ ልብስ ስፌት ቤት ነው፣ ቆርቆሮው ላይ ፀሐይ እየነደደች ከወዲያ ተራራ ነጎድጓድ የሚያጉረመርምበት ከሰዓት በኋላ ነው።

አባቴ ታደሰ ልብስ ሰፊ ከመሆኑ በፊት በቀድሞው ጦር ውስጥ የሬዲዮ መገናኛ ሠራተኛ ነበር። ጦሩ ሲበተን ወደ ሚዛን የተመለሰው አንድ ሻንጣና ነገርን አሳጥሮ የመናገር አመል ይዞ ነው፤ እማዬ በዚህ አመሉ «እኔ እኮ ያገባሁት ቴሌግራም ነው» እያለች ትስቅበት ነበር። አንድ የመንገድ ሥራ ካምፕ ተነቅሎ ሲሄድ ጥቂት አሮጌ የመገናኛ ሬዲዮኖች ትቶ ነበርና፣ ወረዳው ለዝናብ፣ ለጎርፍና ለድንገተኛ ሕመም መልእክት እንዲያገለግሉ ፈቀደ። ያለ ደመወዝ የሚቀመጥባቸው ሰው ሲፈለግ አባቴ ቀድሞ እጁን አወጣ፤ ሬዲዮው ከስፌት መኪናው ጎን ተተከለ፣ የአንቴናው ሽቦም ከጣሪያችን ተነስቶ ጓሮ ካለው ዋንዛ ላይ ታሰረ። እማዬ «ይህን የመሰለ ገመድ ሥራ ፈትቶ ይዋል?» ብላ የታጠበ አንሶላ ያሰጣችበት ቀን አባቴ በሕይወቱ ረጅሙን ንግግር ያደረገበት ቀን ነው።

ሌሎቹ በጎ ፈቃደኞች ለእኔ ፊት የሌላቸው ድምፆች ነበሩ። ወንዛችን የሚነሳው ከሸዋ ቤንች ተራሮች ስለሆነ ከሁሉ የሚጠበቀው የዚያው ሰው፣ የማር ነጋዴው ጋሽ ወልዴ ነው። አፉን የፈታው በቤንችኛ ስለሆነ አማርኛውን እንደ ማር በጥንቃቄ እየመዘነ ያወጣዋል። ቴፒ ላይ ደግሞ እትዬ ብርነሽ አለች፤ የጤና ጣቢያ አዋላጅ ነበረች፣ ድምፅዋም አልጋ ላይ ያለ ሰው የሚያስነሳ ዓይነት ነው። ሬዲዮኖቹ ሁሉ የሚሠሩት በመኪና ባትሪ ነበር፤ ጋሽ ወልዴማ ባትሪውን በገበያ ቀን ሚዛን ድረስ አምጥቶ ነው የሚያስሞላው። ስለዚህ አባቴ ሕግ አወጣ፦ መጀመሪያ ሰማዩ፣ ቀጥሎ ወንዙ፣ ሰላምታ ባትሪ ከተረፈ።

እትዬ ብርነሽ ይህን ሕግ እንደ ስድብ ነበር የቆጠረችው። «ሰው እንዴት ዋልክ ሳይባል ስለ ደመና ይጠየቃል? ከብት ነን እንዴ?» አለች በመጀመሪያው ቀን፣ ከቴፒ እስከ ሚዛን በተሰማ ድምፅ። በኋላ ግን መላ ዘየደች፤ የሁላችንንም ጤና፣ የልጆቹን፣ የጎረቤቱን፣ በአንድ ትንፋሽ ጠይቃ እዚያው ላይ «ቴፒ ጥርት ብሏል፣ ኦቨር» ብላ ተራውን ትለቃለች። ሕጉን ከልቡ የወደደው ጋሽ ወልዴ ብቻ ነው። «ሰማይ ጥቁር። ወንዝ ደህና። ወልዴ ነኝ። ኦቨር።» አባቴ ይህን ሲሰማ ፊቱ ይበራል፤ ከዚያ አንድ የኳስ ዳኛ ፊሽካ ይዞ በር ላይ ይወጣና ይነፋል፣ ሰፈሩ ሁሉ ከየማድረቂያ አልጋው ላይ የተሰጣውን ቡና ለማንሳትና ሸራ ለማልበስ ይራወጣል። አንድ ቀን ፊሽካው ተነፍቶ፣ ቡናው ሁሉ ተሰብስቦ፣ ዝናቡ ጠብታ ሳይጥል በሌላ በኩል ሄደና ሴቶቹ ሳምንቱን ሙሉ «ጋሽ ታደሰ፣ ዛሬስ በረዶ አይጥልም?» እያሉ አላገጡበት።

እንግዲህ በዚያ የቡና ለቀማ ወቅት እማዬ ከሰፈር ሴቶች ጋር ወንዝ ማዶ ለቅሶ ሄደች። ድልድይ አልነበረም፤ ሰው የሚያልፈው ጫማውን አውልቆ፣ ውሃው በሚሳሳበት መሻገሪያ ነው። አባቴ ነገሩን ከዋዜማው ለጋሽ ወልዴ ነግሮት «ሰማዩን እይልኝ» ብሎት ነበር። በማግስቱ ሚዛን ላይ ደመና የሚባል አልነበረም። እኔ ከትምህርት ቤት መጥቼ የሰው ሸሚዝ ላይ ቁልፍ እተክላለሁ፤ አባቴ ጨርቅ ይቆርጣል። አስር ሰዓት ገደማ ሬዲዮው ተንኮሻኮሸና የጋሽ ወልዴ ድምፅ መጣ።

«ታደሰ… እንደምን ዋልክ?»

አባቴ ግንባሩን ቋጠረ። «ደህና። ሰማዩ? ኦቨር።»

«ልጅቱ ደህና ናት? ሥራ እንዴት ነው?… ስፌት መኪናው ደህና ነው?»

«ወልዴ፣ ባትሪህ!»

«አዎ… እግዜር ይመስገን… ታደሰ ወንድሜ፣ ሰው መቼም…» አለና ድምፁ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። የቀረው ሹሹታው ብቻ ነበር።

በአገራችን መርዶ ይዞ የመጣ ሰው በር ላይ ቆሞ አይናገርም። ይቀመጣል፤ ስለ ከብቱ ይጠይቃል፣ ስለ ልጆቹ ይጠይቃል፣ የማይመለከተውን አጥር ሳይቀር አይቶ ያደንቃል። አባቴ ይህን ያውቃል። መቀሱን ጨርቁ ላይ አስቀመጠ፤ ፊቱ እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። «እዚህ ተቀመጪ። ሰው ከጠራ መልሺ» ብሎኝ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ፊሽካውን ይዞ ወደ ወንዙ ሮጠ።

ብዙም ሳይቆይ እትዬ ብርነሽ ጠራች። «ሚዛን፣ ሚዛን፣ ቴፒ ነኝ! ወልዴን እኔ በስሱ እሰማዋለሁ። ደራሽ ጎርፍ እየወረደ ነው ይላል፣ ግንድ ይዞ ነው የሚወርደው። ማን አለ እዚያ?»

«እኔ ነኝ። አባዬ ወደ ወንዙ ሮጧል። እማዬ ማዶ ናት። ኦቨር» አልኩ፣ እያለቀስኩ።

ከዚያ ያ ትልቅ ድምፅዋ እንዲያ ይለሰልሳል ብዬ በማላስበው አኳኋን ለስልሶ ምን እየሰፋሁ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ስለ ቁልፉ ነገርኳት፤ ባለ ስንት ቀዳዳ ነው አለች። ስለ ፍየሏ አወራችኝ፣ በቀደም የጎረቤት ጎመን በልታ ስላጣላቻቸው። እያንዳንዱን ወሬ ስትጨርስ ቀስ ብላ «ኦቨር» ትልና እስክመልስላት ትጠብቃለች፤ መልስ መስጠት ስላለብኝ ማልቀሱን እየተውኩ እመልሳለሁ። ስለ እማዬ አንድም ቃል አላነሳችም። ባትሪዋን እስከ መጨረሻው ለእኔ ጨረሰችው።

ወንዙ ላይ የሆነውን በኋላ እማዬ ስትነግረን እንባዋ እስኪመጣ እየሳቀች ነበር። ሴቶቹ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ወደ ውሃው ሲወርዱ አባቴ ከወዲህ ደርሶ ፊሽካውን ነፋ። እነሱ ያንን ፊሽካ የሚያውቁት ለቡና ነው፤ ሰማዩን ቢያዩት ጥርት ያለ ነው፣ በሳቅ ፈረሱ። እማዬም «እዚህ ምን የሚነሳ ቡና አለና ነው?» እያለች ገባች። እሱ የሚጮኸውን የውሃው ድምፅ አላሰማ አላቸው። አባቴ ሲቸግረው ሱሪውን እንኳ ሳይሰበስብ ወደ እሷ ውሃ ውስጥ መግባት ጀመረ። መዋኘት እንደማይችል ታውቃለችና ደንግጣ «ተመለስ! አንተ ሰውዬ፣ ተመለስ!» እያለች ወደ ኋላ አፈገፈገች፤ እሷ ስትመለስ እሱም ተመለሰ። ደራሹ ያን ጊዜ በመካከላቸው አለፈ። ሁለቱ በሁለቱ ዳር ቁጭ ብለው ሲተያዩ አመሹ፤ እማዬ ቤት የገባችው ውሃው በማግስቱ ሲጎድል ነው።

በገበያ ቀን ጋሽ ወልዴ ባትሪውን ተሸክሞ፣ አንድ ቅል ማር አንጠልጥሎ መጣና በራችን ላይ ቆመ። እማዬን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። «እንዴት ብዬ ልንገረው?» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። ማንንም ከመቆጣት የማይመለሰው አባቴ ባትሪውን ከትከሻው ተቀብሎ ራሱ ሊያስሞላ ሄደ።

ያ ሁሉ የለም። መሻገሪያው ላይ ድልድይ ተሠርቷል፤ ሞባይል ሲገባ ሬዲዮኖቹ ተነስተው የት እንደተጣሉ የሚያውቅ የለም። እትዬ ብርነሽ ወደ ሌላ አገር ተዛወረች አሉ፤ ያን ከሰዓት ከእኔ ጋር የዋለችውን ሴት ፊቷን አንድ ቀን እንኳ ሳላየው ቀረሁ፣ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እማዬ አረፈች፤ ጋሽ ወልዴም አረፈ። የሚዛንን ዝናብ ጅማ ተቀምጬ ስልኬ ላይ ማየት እችላለሁ፤ ማንም እንዴት ዋልሽ ሳይለኝ።

የአባቴም ሞት በስልኬ ነው የደረሰኝ። የአጎቴ ልጅ የላከው አጭር መልእክት ነበር፤ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ አነበብኩት። «ጋሼ ዛሬ አርፈዋል። ቀብር ነገ ስድስት ሰዓት።» አባቴ ቢያየው ጥሩ መልእክት ነው ይል ነበር። እኔ ግን ሰልፉ ውስጥ ቆሜ፣ እንዴት ብሎ እንደሚነግረኝ ጨንቆት ስለ ስፌት መኪና የሚጠይቀኝ አንድ ሰው ማጣቴን ሳስብ ነው ያለቀስኩት።