መኪና የቆጠርኩበት ሳምንት

መንግሥት ከተቀየረ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ዘመሮ በምትባል የገጠር ከተማ አስተምር ነበር። አንድ ቀን ከዩኒቨርሲቲ የመጣ የትራንስፖርት አጥኚ ትምህርት ቤታችን ድረስ መጥቶ ለአንድ ሳምንት መኪና የሚቆጥርለት ሰው ፈለገ። የጓሳን ደጋ አቋርጦ ራቤል ከተማ የሚደርሰው መንገድ ይሻሻል ወይስ ባለበት ይቆይ የሚለው በዚህ ጥናት ይወሰናል አለን። እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው አይሳሳትም ብዬ የማምንበት ጊዜ ነበር።

የሰጠኝ ቅጽ አውቶቡስ፣ የጭነት መኪና፣ የቤት መኪና፣ ሞተር ሳይክል ይላል። ጋቢዬን ተከናንቤ፣ ጓሳ ጠርዝ ላይ ካለ ድንጋይ ተቀምጬ ከጠዋት እስከ ማታ መንገድ ሳይ ዋልኩ። በመጀመሪያው ቀን አንድ የጭነት መኪና አለፈ። በሁለተኛው ቀን ያው መኪና ተመለሰ።

ሦስተኛው ቀን ገበያ ነበር። በግ የሚነዳው፣ ገብስ በአህያ የጫነው፣ የጓሳ ሣር የተሸከመው፣ ፈረስ የተቀመጠው ሲያልፍ ዋለ፤ ቅጼ ግን ባዶ ነበር። ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዎች ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ ተሸክመው ደረሱ። ትከሻ ለመቀያየር አጠገቤ አሳረፏት። ፊቷ በነጠላ ተሸፍኗል፤ ማቃሰቷ ብቻ ይሰማል። ከኋላ የሚከተሉት ሽማግሌ አባቷ ነበሩ። እስክሪብቶዬን አይተው፣

«ምን ትጽፋለህ፣ መምህር?» አሉኝ።

«መኪና እቆጥራለሁ፣ አባባ።»

«የታለና መኪናው?»

«መኖር አለመኖሩን ለማወቅ ነው» አልኳቸው፤ ስናገረው እኔው ራሴ አፈርኩ።

ጥቂት አዩኝና «እንግዲያስ እኛንም ጻፈን። መኪና ብናጣ ነው የምንሸከማት» አሉ። ቃሬዛውን አንስተው ሄዱ።

ቅጹን ገልብጬ በጀርባው «ስምንት ሰው፣ አንድ ቃሬዛ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ አህያውንም፣ ፈረሱንም፣ እግረኛውንም መዘገብኩ። በማግስቱ ሴትየዋ መትረፏን፣ ልጇ ግን ጤና ጣቢያ ሳይደርሱ መንገድ ላይ ተወልዶ መሞቱን ሰማሁ።

በሳምንቱ መጨረሻ አጥኚው ቅጾቹን ሲረከብ ጀርባቸውን አይቶ ፊቱ ተለወጠ።

«ይህ ደግሞ ምንድን ነው?»

«መንገዱን የሚጠቀሙበት ሰዎች ናቸው።»

«የምናጠናው የተሽከርካሪ ፍሰት ነው። ቃሬዛ ተሽከርካሪ አይደለም።»

«መንገዱ ስለተበላሸ መኪና አይመጣም። መኪና የለም ተብሎ መንገዱ ካልተሠራ ታዲያ መቼ ሊሠራ ነው?»

«እሱ የፖሊሲ ጥያቄ ነው። እኔ ተመራማሪ ነኝ» አለና የፊቱን ገጽ ቁጥር ብቻ ደብተሩ ላይ ገልብጦ ሄደ። እንደ ካህን ንጹሕ ነበር፤ ምንም ነገር አይነካውም።

በዓመቱ የወረዳው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራን። አንድ ኃላፊ ቆሞ፣ መንገዱ ላይ በቂ የተሽከርካሪ እንቅስቃሴ አለመኖሩ በጥናት ስለተረጋገጠ ባለበት እንደሚቆይ አነበበልን። ፖሊሲ አይመለከተኝም ያለው ሰው ወረቀት ፖሊሲ ሆኖ መጣ። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያረጋገጠው ደግሞ እኔ ነኝ። አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ።

መንገዱ ከዓመታት በኋላ ተሠራ። ምርጫ በደረሰ ሰሞን ግሬደርና ገልባጭ መኪና ያለ አንዳች ጥናት መጥተው ጠጠር አፈሰሱበት። መኪናው በየቀኑ ይመላለስ ጀመር። ወዲያው ያ አጥኚ ዶክተር ተብሎ ተመለሰ፤ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ግድግዳ ላይ ሥዕል እያበራ፣ የእሱ ምርምር ለመንገዱ መሻሻል መሠረት እንደጣለ አስረዳን። ሰዉ አጨበጨበለት።

በሻይ ሰዓት ጠጋ ብዬ «ያ ጥናትኮ መንገዱ አያስፈልግም ነበር ያለው» አልኩት።

«ጥናት ውይይት ይፈጥራል» አለኝ ብስኩቱን እያኘከ። ከዚያ የት እንደምንተዋወቅ ጠየቀኝ። አልነገርኩትም።