አንጀት ሥራውን ሲጀምር

ኦፕራሲዮን ክፍል በገባሁበት የመጀመሪያ ቀን የተሰጠኝ ሥራ ጎዝ መቁጠር ነበር። ጎዝ የምንለው ደም የምንጠርግበትን ነጭ ጨርቅ ነው። ሆድ ከመከፈቱ በፊት ይቆጠራል፣ ከመሰፋቱ በፊትም ይቆጠራል፤ ቁጥሩ ካልገጠመ ማንም ከክፍሉ አይወጣም። የክፍሉ ኃላፊ የነበሩት ሲስተር እጄን ሦስት ጊዜ ካስታጠቡኝ በኋላ፣ "ዓይንሽ ጨርቁ ላይ ይሁን፤ ሆድ ለማየት አልተቀጠርሽም" አሉኝ።

እኔ ግን ሆዱን አየሁት። በሽተኛው ከቡሬ ገጠር የመጣ ገበሬ ነበር፤ ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶበታል። ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ይርጋ አንጀቱን ወደ ውጭ ሲያወጡት የጠበቅሁት በግ ሲታረድ የማየውን ነገር ነበር። በዓል በመጣ ቁጥር አንጀት ማጠብ የእኔ ሥራ ስለነበር ሽታውንም ልስላሴውንም ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። ለካ የማውቀው የሞተውን ኖሯል። ይኼኛው ይንቀሳቀሳል። ሰውየው በማደንዘዣ ተኝቷል፣ ሲቆርጡት እንኳ አይሰማውም፤ አንጀቱ ግን አንዱ ጋ ጠበብ፣ ቀጥሎ ያለው ሰፋ እያለ በዝግታ ይሄዳል። ያዘዘው ሰው የለም። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

"ስንት ሆነ?" አሉ ዶክተር ይርጋ።

"ምኑ?" አልሁ።

ኃላፊዋ በዓይናቸው ሊበሉኝ ደረሱ። ጨርቁ እንደ አዲስ ተቆጠረ፤ በእኔ ምክንያት ሰው ሁሉ ቆሞ ጠበቀ። ስንጨርስ ዶክተር ይርጋ ጓንታቸውን እያወለቁ፣ "አይዞሽ፣ እኔም የመጀመሪያ ቀን እንዲሁ ነው የሆንሁ" አሉኝ። ባይሉኝ ኖሮ በማግሥቱ የምመለስ አይመስለኝም።

ዶክተር ይርጋ ሥራ ላይ ዝምተኛ ናቸው፤ እጃቸው አንጀት ሲነካ ግን አፋቸው ይፈታል። ሆድ በተከፈተ ቁጥር አንጀትን ከላይ እስከ ታች መፈተሽ ደንብ ነው። ቀዳዳ ወይም የሞተ ቦታ እንዳይቀር ሐኪሙ ከጨጓራው ሥር ጀምሮ በሁለት እጁ እያሳለፈ እስከ ትልቁ አንጀት ይወርዳል፣ ገበሬ ጠፍሩን ከማጥበቁ በፊት እንደሚፈትሸው። እሳቸው እያሳለፉ ያስተምሩኛል።

"የጎረስሽው እንጀራ መፍረስ የሚጀምረው አፍሽ ውስጥ ነው። ምራቅ ማርጠቢያ ብቻ እንዳይመስልሽ። ጨጓራ ውስጥ ያለው አሲድ ሥጋ ይፈታል፤ ራሱን ጨጓራውን እንዳይበላው ደግሞ ውስጡ በየጊዜው ይታደሳል። እዚህ ስትደርሺ ሐሞት ስቡን ይበታትነዋል፤ ከቆሽት የሚመጣው ፈሳሽ የቀረውን ያደቀዋል።" ከዚያ ብዙ ሜትር የሚረዝመውን ቀጭን አንጀት በመዳፋቸው ከፍ ያደርጉታል። "የደቀቀው ምግብ ወደ ደም የሚገባው በዚህ ግድግዳ ነው። ለትልቁ አንጀት የሚተርፈው ውሃውን መምጠጥና ገለባውን ማስወጣት ነው። ጤፍ ሰው የሚሆነው እዚህ ቀጭኑ ውስጥ ነው።"

ይህን መጀመሪያ የነገሩኝ ቀን ቤት ስገባ እራት ቀረበ። አንዷን ጉርሻ ይዤ ብዙ አላመጥሁ። ይቺ ነገ ጣቴ ትሆናለች፣ ጥፍሬ ትሆናለች እያልሁ ሳስብ እናቴ፣ "ምነው፣ ጨው በዛበት?" አለችኝ። ጉርሻውን ዋጥሁ። የፍኖተ ሰላም ገበያ ላይ የጤፍና የበቆሎ ጆንያ ተደርድሮ ሳይ እስከ ዛሬ ያው ስሜት ይመጣብኛል። ያ ሁሉ እህል በሰው ውስጥ አልፎ ሰው ሊሆን ነው።

ሥራችን ግን መደነቅ ብቻ አይደለም። ጠዋት ጠዋት ከኦፕራሲዮን የወጡትን አልጋ ላልጋ እዞራለሁ። አንጀት የሰው እጅ ከነካው ያኮርፋል፤ ሁለት ሦስት ቀን ሥራ ያቆማል። እስኪታረቅ ድረስ በአፍ ምንም አይሰጥም፤ በሽተኛው በግሉኮስ ይቆያል፣ በአፍንጫው በገባ ቱቦ የጨጓራው ፈሳሽ ይወጣል። አንጀት ሥራ መጀመሩን ከምናውቅባቸው ምልክቶች ዋናው አየር መውጣቱ ነው። በግልጽ ለመናገር ፈስ ነው። ቤተሰብ የሚጸልይለት፣ ሐኪም የሚጠብቀው እሱን ነው።

ስለዚህ የየጠዋቱ ጥያቄዬ አንድ ነበር፤ "አየር ወጣ?" ድምፄ ደግሞ ትልቅ ነው። ከአልጋው ግርጌ ቆሜ እጠይቃለሁ፣ መዝገብ ላይ እጽፋለሁ፣ አልፋለሁ። ገበሬው ይስቃል፣ ይመልሳል። አንዲት የማንኩሳ ሴትዮ፣ "ወጣ እንጂ ሲስተር፤ ካላመንሽ ከጎኔ የተኛችውን ጠይቂያት" ብላ ክፍሉን አስቃዋለች። ሰው ሁሉ እንደ እሷ መስሎኝ ብዙ ዓመት ሠራሁ።

ፋሲካ ለእኛ ክፍል ሥራ የሚበዛበት ጊዜ ነው። ሃምሳ አምስት ቀን በቀን አንዴ በሽሮና በጎመን የቆየ ሆድ፣ በአንድ ጠዋት ሥጋና ቅቤ ይወርድበታል። ተልባ ጠጥቶ፣ ጥቂት ጥቂት እያለ የሚጀምር አለ፤ ጾሙን ባንድ ቀን ሊክስ የሚነሣም አለ። ባዶ የከረመ አንጀት ድንገት ብዙ ሲጫንበት አንዳንዴ በራሱ ላይ ይጠመዘዛል። ሲጠመዘዝ ደም ይቋረጥበታል፤ ደም ካላገኘ በሰዓታት ውስጥ ይሞታል።

ቄስ ጥሩነህን በፋሲካ ማግሥት ከሰዓት በኋላ አመጧቸው። ከገጠሩ እስከ አስፋልቱ በቃሬዛ፣ ከዚያ በባጃጅ። ሆዳቸው ተነፍቶ ቆዳው ያብረቀርቃል። ባለቤታቸው ወይዘሮ እናኑ ተከትለው ገቡ። ምን እንደ በሉ ጠየቅኋቸው።

"ምን ያልበሉት አለ ብለሽ ነው ልጄ። የንስሐ ልጆቻቸው አሥራ ስምንት ቤት ናቸው። 'አባ ሳይቀምሱልን ቤታችን አይባረክም' ይላሉ። አንዱ ጋ ቀምሰው አንዱን ቢተዉት ቅያሜ ነው። እሳቸው ደግሞ እምቢ ማለት አያውቁም" አሉኝ።

ሆዳቸው ተከፈተ። ቀጭኑ አንጀት ከሞላ ጎደል ጠቁሯል። ቀስ ብለው ፈቱት፤ አንድ ዙር ተኩል ተጠምዝዞ ነበር። ቀለሙ አልተለወጠም።

"ይኼ ሁሉ ከተቆረጠ ምን ይቀራቸዋል?" አልሁ።

"አፍና ጨጓራ። እየበሉ ይራባሉ" አሉኝ። ከዚያ ለብ ያለ የጨው ውሃ እንዳመጣ አዘዙ። ጨርቅ ነክሬ ሰጠኋቸው፤ አንጀቱን እንደ ጨቅላ ጠቅልለው እጃቸውን ከላዩ አሳረፉ። "አሥር ደቂቃ" አሉ።

አሥሩ ደቂቃ አለፈ፤ ሲገልጡት ያው ነው። እንደገና ነክሬ ሰጠሁ፣ እንደገና ተጠቀለለ። የማደንዘዣ ባለሙያው የልብ ምቱን ይናገራል። ሁለተኛው አሥር ደቂቃ ሲሞላ ጨርቁ ተነሣ። ከሥሩ፣ ደም ሥሮቹ ከሚገቡበት በኩል ጥቁረቱ ሐምራዊ ሆኗል። ዓይናችን እያየ ሐምራዊው ቀላ፣ ቅላቱ እየሰፋ ሄደ። ዶክተር ይርጋ በጣታቸው ጫፍ ነካ አደረጉት። አንጀቱ ጠበብ አለና ወደ ፊት አንድ እርምጃ ተራመደ።

"እዩት" አሉ ቀስ ብለው። እንባዬ ማስኬ ውስጥ ገባ። የመጀመሪያ ቀኔ አይደለም፣ ስንት ዓመት ሠርቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ነገር ግን አላየሁም። ክንድ ተኩል የሚሆነው ግን ነፍስ አልዘራም፤ እሱን ቆርጠው የቀረውን ገጠሙት። ጎዙን ቆጠርሁ፣ ልክ መጣ፣ ሆዱ ተሰፋ።

ቄስ ጥሩነህ በሁለተኛው ቀን ነቃ ብለው መስቀላቸውን ጠየቁ። ከዚያ በኋላ ክፍላቸው ሰው አልጠፋበትም። የንስሐ ልጆቻቸው በየተራ ከገጠር ይመጣሉ፣ ይሳለማሉ፣ ዙሪያውን ይቆማሉ። አባን የጎዳናቸው እኛ ነን እያሉ የሚያለቅሱም ነበሩ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከግርጌ ቆሜ፣ "አባ፣ አየር ወጣ?" አልኋቸው።

"ገና ነው ልጄ" አሉኝ።

በአራተኛውም ገና ነው። በአምስተኛውም ገና ነው። ሆዳቸው ነፋ ማለት ጀመረ። በስድስተኛው ቀን ዶክተር ይርጋ በማዳመጫው ረጅም ጊዜ አዳመጡ። ድምፅ አንዳንዴ አለ፣ አንዳንዴ የለም። ኮሪደር ላይ ወጥተን፣ "የገጠምሁት ቦታ ተዘግቶ ይሆናል፤ ወይም እንደገና ተጠምዝዟል። ነገ ጠዋት እንከፍታቸዋለን" አሉኝ። ፊታቸው ጠቁሯል። "ይህ ሰውነት ሁለተኛውን የሚችል አይመስለኝም። ዝም ብዬ ብጠብቅም ይሞቱብኛል።"

ለቄስ ጥሩነህ ነገሯቸው፤ አደጋውን አልደበቋቸውም። አባ አዳምጠው ሲጨርሱ፣ "እግዚአብሔር ያለው ይሁን" ብለው ፈረሙ። ወይዘሮ እናኑ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ወጡ።

ከሰዓት በኋላ ለነገው ሆዳቸውን ላጥብ ውሃና ሳሙና ይዤ ገባሁ። ጠያቂውን ሁሉ አስወጥቼ በሩን ዘጋሁ። ከጎናቸው የነበረው በሽተኛ ጠዋት ወጥቶ አልጋው ባዶ ነው። ከተኙ ጀምሮ ሰው የሌለበት ክፍል ሲያገኙ የመጀመሪያቸው ነበር። እጄን ሆዳቸው ላይ ሳሳርፍ ውስጡ አጉረመረመ፤ ደኅና አድርጎ፣ ከላይ ወደ ታች። አባ ወዲያው ድርቅ አሉ። ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ብርድ ልብሱን ጨብጠው በሩን ተመለከቱ።

ሕመም አይደለም። ሕመም የያዘው ሰው ዓይኑን ይጨፍናል እንጂ በር አያይም። ያን ጊዜ ሦስቱን ጠዋት አስታወስሁ። እኔ ግርጌ ላይ ቆሜ ስጮህ ዙሪያቸውን ማን ማን ቆሞ እንደ ነበር አየሁ። አፈርሁ፤ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ወንበር ስቤ ከራስጌያቸው ተቀመጥሁ። ፊታቸውን ላለማየት አንገቴን ደፋሁ።

"አባ፣ ስንት ዓመት የሰው ኃጢአት ሰሙ?"

"ሠላሳ ዓመት አለፈኝ።"

"የሰሙትን አውጥተው ያውቃሉ?"

"ያ እንዴት ይሆናል።"

"እኔም ይህን ያህል ዘመን የሰው ሆድ ስሰማ ኖርሁ፤ ያወጣሁት ነገር የለም። 'በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም' ይባል የለ? ነገ የምንከፍትዎ ተዘግቷል ብለን ነው። ካልተዘጋ አንከፍትም።"

እንደገና በሩን አዩ። ከውጭ የጠያቂዎቹ ድምፅ ይሰማል።

"ከሦስተኛው ቀን ማታ ጀምሮ ነው" አሉኝ በመጨረሻ። "ሰው ዘወር ሲል ጥቂት፣ ያውም በስርቆት። ቀን ቀን ይዤው ነው የምውል። የንስሐ ልጆቼ ናቸው፣ ልጄ። ነገ ቆሜ እነሱን ልገሥጽ ነው። በእነሱ ፊት ምን ብዬ ልመልስልሽ?"

"ስለዚህ ለቢላዋው ፈረሙ?"

"ምን ላድርግ" አሉኝ፤ እንባ በጆሯቸው በኩል ወረደ።

ተነሥቼ መስኮቱን ከፈትሁ፣ ጀርባዬንም ሰጠኋቸው። "አይያዙት አባ፤ እኔና እግዚአብሔር ብቻ ነን" አልሁ። በዚያ ክፍል የሰማሁትን ላለመጻፍ ቃል ስለገባሁ አልጽፈውም። ግን እንዲህ ልበል፤ ከዚያ ወዲያ በሰማሁት ዜማ ሁሉ እንደዚያ የተደሰትሁበት የለም። ለስድስት ቀን እህል ያልቀመሰ፣ ጠቁሮ የነበረ፣ ተቆርጦ የተገጠመ አንጀት፣ ባለቤቱ እየከለከለው እንኳ ሥራውን ጀምሮ ነበር። አምላክ ሲሠራው ይሉኝታ አልሰጠውም።

ዶክተር ይርጋን ሮጬ ጠራሁ። ሆዳቸውን ዳሰሱ፣ ለስልሷል። የነገውን ወረቀት ከመዝገቡ አውጥተው ቀደዱት፤ ቱቦውን እኔ አወጣሁ። የመጀመሪያውን ውሃ በማንኪያ ሰጠኋቸው። አባ አፋቸው ውስጥ ያዙት፣ ዋጡት፣ ሲወርድ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ተከተሉት።

"አባ፣ ይፍቱኝ" አልሁ ጎንበስ ብዬ። "ጥፋቱ የእኔ ነው።"

"እግዚአብሔር ይፍታሽ" አሉኝ። "አንድ ማንኪያ ጨምሪልኝ።"

ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ ድረስ አንድም በሽተኛ ከግርጌ ሆኜ ጠይቄ አላውቅም። ሥራውን ለምትረከቡ የምላችሁ ይኸው ነው። አንጀት አያፍርም፤ ሰው ግን ከማፈር ሞትን ሊመርጥ ይችላል። በሩን ዝጉ፣ ከዚያ ጠይቁ።