ቄጠማ የለበሰው ቦይ

በደርግ ጊዜ በፍኖተ ሰላም ማዘጋጃ ቤት ስሠራ፣ ስለ ከተማ ልማት ልምድ ሊለዋወጡ የሚመጡ የውጭ እንግዶችን የማስተናግደው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን አዲሱን የጎርፍ መውረጃ ቦይ ሊያይ አንድ ጀርመናዊ መሐንዲስ መጣ። የቀበሌው ሰው ለካ እንግዳ ላክብር ብሎ መንገዱን ከነቦዩ ቄጠማ አልብሶታል! ሰውዬው "ቦዩ የታለ?" እያለኝ እስከ ጉልበቱ የቦዩ ጭቃ ውስጥ ገባ።

እኔ አብሮን የመጣው ካድሬ ምን ይለኝ ይሆን ብዬ ፊቱን ፊቱን ሳይ፣ መንገዱ ዳር የሚኖሩት አሮጊት፣ እማማ ጥሩወርቅ፣ ከቤታቸው ውሃ ይዘው ወጡና እግሩን ያጥቡት ጀመር። አፍሮ እግሩን ሊሰበስብ ቢል "የእንግዳ እግር ሳይታጠብ ከደጄ አያልፍም" አሉ።

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞልቶ ንግግሩን ስንጠብቅ፣ መሐንዲሱ "የቀሰምኩትን ልምድ ላሳይ" ብሎ በእኔ አስተርጓሚነት ውሃና ሳፋ አስመጣ። እማማን ከሕዝቡ መሃል አስጠርቶ ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ ተንበርክኮ እግራቸውን ያጥብ ጀመር። ለሁሉ ነገር መፈክር የማያጣው ካድሬ ያነሳውን ግራ እጁን መልሶ አወረደ።

እማማ ግን ጎንበስ ብለው፦

"በጣቶቼ መሃልም እጠብ እንጂ፣ ልጄ!"