ወደ ኮርኒሱ የምታየው ሴት

ባለፈው ሳምንት ከዚራ ሰፈር ውስጥ የእትዬ አስካለን ቤት ሲያፈርሱ ደረስኩ። ጣሪያው ተነስቷል፤ የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ብቻ ቆሟል። ግድግዳው ላይ የተሳለችው ሴትዮ አሁንም እዚያው ናት። ጽሑፍ ላይ እምብዛም ነኝ፤ ይህን ግን ሳልጽፈው ብሞት ይቆጨኛል።

በደርግ ጊዜ ቤት ቀቢ ነበርኩ። የእትዬ አስካለ ባል ደግሞ ሠዓሊ ነበሩ። ከመሞታቸው በፊት ሚስታቸውን እዚያ ግድግዳ ላይ በዘይት ቀለም ስለዋቸዋል። የሥዕሏ ሴት አልጋ ጫፍ ተቀምጣ፣ ፀጉሯን ግማሹን አበጥራ፣ ሚዶዋን እንደያዘች ሽቅብ ወደ ኮርኒሱ ጥግ ታያለች። ሰው እንዳለ አታውቅም።

የደረቀው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ የሚጋረፍበት ግንቦት ነበር። ሳምቡሳዬን በሎሚ ልበላ ስል እትዬ አስካለ አስጠሩኝ።

"ዓይኗን ሸፍንልኝ" አሉ።

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ። ልጃቸው ከውትድርና አፈሳ ሸሽቶ ከኮርኒሱ በላይ ተደብቋል፤ እሷ የምታየው ጥግ ላይ። በማግስቱ ቀበሌ ቤት ለቤት ሊፈትሽ ነው። ሥዕሏን ያየ ሁሉ ደግሞ ዓይኗን ተከትሎ ቀና ይላል።

"ይሄ ሲሳል ልጁ ተወልዶ ነበር?" አልኳቸው።

"ሆዴ ውስጥ ነበር። ባሌ ምን እያሰብሽ ነው አለኝ፤ አልነገርኩትም። ከዚያ ጥግ ትንፋሽ የሰማሁ መስሎኝ ነበር።"

እኔም ቀና ብዬ ጥጉን አየሁ።

የዘይት ቀለም ከገበያ ጠፍቷል፤ ያለኝ ኖራ ነው። ኖራ በዘይት ቀለም ላይ አይዝም አሉኝ። "አቦ፣ ሥራዬን ለእኔ ይተዉልኝ" ብዬ ፊቷን በሙሉ ደራርቤ ለቀለቅኩት።

በማግስቱ ባልዲዬን ልወስድ ስመለስ ፈታሾቹ ገብተዋል። የቀበሌው ሊቀመንበር መኝታ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ኖራው እንደ ቅርፊት ረገፈ። ዓይኗ ላይ ብቻ።

ዓይኖቿ ግን ሽቅብ አያዩም። ሊቀመንበሩን ያያሉ። ወደ ግራ ፈቀቅ አለ፤ ዓይኖቿ ተከተሉት።

"ምን እያሰበች ነው?" አለ።

"እኔን ምን ይጠይቁኛል? እሷን ይጠይቋት" አሉ እትዬ አስካለ።

አንገቱን ደፍቶ ወጣ፤ ፈታሾቹም አብረውት ወጡ። ልጁም ብዙ ሳይቆይ ከኮንትሮባንድ ነጋዴዎች ጋር ጅቡቲ ተሻገረ።

ፊት ለፊት የሚያይ ሥዕል ወዴትም ብትሄድ ይከተልሃል ይሉኛል። አውቃለሁ። እሷ ግን ፊት ለፊት እያየች አልተሳለችም።

ባለፈው ሳምንት ግን ኖራው ሁሉ ረግፎላት እንደ ድሮዋ ሽቅብ ታያለች። ቀና ብል ኮርኒስ የለም፤ ባዶ ሰማይ ነው። አፍራሾቹን እስቲ አንዴ መዶሻውን ያዝ አድርጉት አልኳቸው። ዝም ሲሉ ከላይ ቀስ ያለ ትንፋሽ ሰማሁ።

የራስህ ትንፋሽ ነው ይለኛል የነገርኩት ሁሉ። እኔ ግን ትንፋሼን ውጬ ነበር።